ለኪራይ ቤት ሽማግሌ ይዤ የሄድኩ ጊዜ

ሰው ሁሉ ቤት ሲፈልግ ደላላ ይይዛል። እኔ ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ሠፈሩ እስከ ዛሬ እየጨመረበት ያወራዋል፤ ጨርሶ ሳይበላሽ እኔው ራሴ ላውራው።

የልጅ ልጄ ናቲ እዚሁ አዳማ ቀለም መሸጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ዲግሪ አለው። በምን እንደሆነ ደጋግሞ ነግሮኛል፣ እኔም ደጋግሜ ረስቼዋለሁ፤ በቀለም እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። የከተማው ሰው ሳሎን ክሬም ይሁን ሰማያዊ እሱን ጠይቁት፤ የሁሉም ግድግዳ በእጁ ያልፋል። እሱ ግን ምስማር የሚመታበት አንድ ግድግዳ የለውም። የሚኖረው እኔ ጋ፣ ከቀበሌ በያዝኳት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። መሐሏ ላይ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ወዲህ እኔና ልጄ፣ የናቲ እናት፣ ወዲያ ማዶ ናቲና ታናናሾቹ። አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሙሽራ ማስገባት ለሙሽራዋ ቀርቶ ለመጋረጃውም ነውር ነው።

ሙሽራዋ ሐና ትባላለች፤ ነርስ ናት፣ ፈጣን ልጅ። አባቷ ሁሩታ በምትባል የአርሲ ከተማ አጠገብ ስንዴ ያርሳሉ። ናቲን ጠልተውት አይደለም፤ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቁልፍ ያሳየኝ። የኪራይም ይሁን፣ ልጄ ከውስጥ የምትቆልፈው በር ይኑራት። ከፋሲካ በፊት ካልተገኘ ሠርጉ ይቆይ።» ሠርጉ ደግሞ በዚሁ ምክንያት ቀድሞውንም ሲገፋ የኖረ ነው። ሐና፣ «አሁንም ቆዪ ከተባልኩ ቬሎዬን ቀድጄ መጋረጃ አደርግላችኋለሁ» ብላኛለች። የምትቀልድ አትመስልም ነበር።

«ቆጥቦ ቤት አይሠራም ወይ?» የሚሉ የእኔ ዕድሜ ሰዎች አሉ። እኔም ድሮ እል ነበር። ልጁ ይቆጥባል፤ ግን እሱ በእግሩ ሲሄድ የቤት ዋጋ በሚኒባስ ይሄዳል። በእኛ ጊዜ ቤት የሚሠራው ጭቃና ጎረቤት ያለው ሰው ነበር። ዛሬ ጭቃውም ይሸጣል፣ ጎረቤቱም ተከራይ ነው። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ ልክ ያልሆነ ነገር ልክ አለመሆኑን ለማወቅ ግን አምስተኛ ክፍል አያስፈልግም።

እንግዲህ ደላላ ያዝን። ግርማ ቁልፍ ይሉታል። ወገቡ ላይ የሚንጠለጠለው የቁልፍ እስር ሲራመድ እንደ በቅሎ ቃጭል ይሰማል፤ የትኛውንም በር ሲከፍትበት ግን አላየሁም። መጀመሪያ የወሰደን አንድ ፎቅ ሥር ነው፤ ሥር ስል ደረጃው ሥር ማለቴ ነው። ጣሪያው ደረጃውን ተከትሎ ይወርዳል፤ በሩ ላይ ቆማችሁ ትገባላችሁ፣ መሐሉ ላይ ታጎነብሳላችሁ፣ ዳር ስትደርሱ ትንበረከካላችሁ።

«ስቱዲዮ ነው እማማ» አለኝ ግርማ።

«ስቱዲዮ ፎቶ ይነሡበታል እንጂ ይኖሩበታል እንዴ? ልጄ አባወራ ሊሆን ነው፤ ገና በሠርጉ ማግሥት ጎንበስ ብሎ ይጀምር?»

«የዛሬ ልጅ ቁጭ ብሎ ስልክ ነው የሚያየው፤ ቁመት ምን ያደርግለታል?»

በጃንጥላዬ ልለው ነበር፤ ጣሪያው ያዘብኝ።

ሁለተኛው ቤት ቀና ብለው የሚቆሙበት ነበር። አከራይዋ ግን ቁጭ አድርጋ መረመረችን። ልጅ ይወልዳሉ ወይ? እንጀራ እዚህ ይጋግራሉ ወይ፣ መብራት ይበላል። እንግዳ ይመጣባቸዋል ወይ? ልብስ በሳምንት ስንቴ ያጥባሉ? በመጨረሻ የናቲን የጫማ ቁጥር ጠየቀችኝ። ከባድ እግር ሲሚንቶ ያነሣል አለች።

«እትዬ» አልኳት፣ «እርስዎ የሚፈልጉት ተከራይ መቃብር ውስጥ ነው ያለው።» እሷም በሩን አሳየችን።

በሦስተኛው ቤት ደጅ ላይ ደግሞ ገና ሳንገባ የግርማ ስልክ ጮኸ። አናግሮ ሲጨርስ፣ «ጨምሯል» አለ።

«ምኑ?»

«ኪራዩ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እፈልገዋለሁ ብሏል።»

«እኛ እኮ እዚሁ ቆመናል!»

«ለዚህ ነው እማማ ቶሎ ቶሎ ይራመዱ የምልዎት።»

ያን ቀን ግርማን አሰናበትኩት። ቤቴ ገብቼ እግሬን እያሸሁ አሰብኩ። ሰው ልጁን የሚያህል ነገር ለማያውቀው ሰው የሚሰጠው በምንድን ነው? በሽማግሌ። ሽማግሌ ደጁ ላይ ሲቆምበት ሰው ያፍራል፣ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ እምቢ ቢል እንኳ በጨዋ ደንብ ነው። ታዲያ ልጅ በሽማግሌ ከተሰጠ ሁለት ክፍል ቤት ለምን በደላላ ይሰጣል? ይህን ለናቲ ስነግረው ራሱን ያዘ። እኔ ግን አንድ ነገር ልክ መስሎ ከታየኝ አለቀ።

የትኛው ቤት እንደሚከራይ ያወቅነው ከናቲ ሱቅ ነው። ለራሱ ቤት ቀለም የሚገዛ ሰው ይመርጣል፣ ይጨቃጨቃል፣ ሚስቱን ይጠራል፤ የሚያከራይ ሰው ርካሹን ነጭ ይዞ ይሄዳል። ወይዘሮ አስካለ የምትባል፣ ወደ ቦኩ በኩል የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት፣ ለሁለት ክፍል የሚበቃ ርካሽ ነጭ ገዝታ ሄደች። ናቲ ይህን ነገረኝና ተጸጸተ።

ሁለት ሽማግሌ ጠራሁ። አንዱ ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ረጅም፣ ባለ ከዘራ፣ ትንሽ ተናግረው ብዙ የሚያሰሙ ሰው። ሌላው አቶ ታዬ የጴንጤ ቸርች ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ጠዋት ጸሎት ከጀመሩ አሜን የምንለው ለምሳ ስንቀርብ ነው። ሦስተኛዋ እኔ። ሴት ሽማግሌ ሆና አትሄድም አሉኝ። «ጉልበቴን የሚያመኝ እንደ እናንተው ነው» ብዬ ቀደምኳቸው።

እሑድ ጠዋት የወይዘሮ አስካለን በር አንኳኳን። ራሷ ከፈተች። ነጠላ ያጣፋን ሦስት ሽማግሎች ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«አካም ቡልተን» ብለው ኦቦ ገመቹ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ አሉ።

«ነጋ፣ ነጋ! ደኅና ነን። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ታዬ።

ሽማግሌ እንዲህ ነው። ቆሞ ይለምናል፣ ጉዳዩንም ፊት ለፊት አያፈርጠውም። እኔም መንገድ ላይ፣ «ኪራይ የሚባል ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ፤ ኪራይ ሲሰማ ሰው ይጨክናል። መጀመሪያ ልጁን አወድሱ» ብያቸው ነበር። አወደሱ! ጨዋ ነው፣ ሱስ የለበትም፣ ፈሪሀ እግዚአብሔር ያለው ነው፣ ሥራ ያከብራል። በመጨረሻ አቶ ታዬ፣ «እርስዎ አስተዋይ ነዎት፤ የመጣንበትን አያጡትም» አሉ።

«አላጣሁትም» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

እናንተ ገብቷችኋል። እኔ ግን አልገባኝም። ተከራይ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ አከራይ ስታለቅስ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበርና፣ «ምን ያለች ሩኅሩኅ ሴት ናት» አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ትጠይቅ ጀመር። እኔም በግርማ ቤቶች ስለሠለጠንኩ መልሱን ከሽማግሎቹ አፍ እነጥቃለሁ።

«ጤናውስ? የደም ምርመራ ያደርጋል?»

ይህ አዲስ ነበር። ግን የጫማ ቁጥር ከተጠየቅሁ ወዲህ የሚደንቀኝ የለም። «ዛሬውኑ ያደርጋል!»

«ልጅስ? ስንት ልጅ ያስባል?»

ወጥመዷ ይህቺ ናት አልኩ። «ምንም! አንድም አይወልድም። እኔን ይያዙኝ።»

ደነገጠች። «ኧረ ለምን?»

«ሲያያቸውም አይወድ።»

«በቤት ውስጥ ጸባዩ እንዴት ነው ታዲያ?»

«መኖሩም አይታወቅ! ድምፅ የለው፣ እንግዳ አያመጣ፣ መብራት አያበራ፣ ውሃ አይነካ።»

«አይታጠብም?»

«አልፎ አልፎ። እሱም እርስዎ ከፈቀዱ።»

አቶ ታዬን ሳል ያዛቸው። ወይዘሮ አስካለ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «ሰው ሆኖ እንከን የሌለው የለም» አለች። «ዘመድ ላማክር፤ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ። ልጁንም አምጡት፣ ልየው።»

በደስታ እየበረርን ወጣን። ደላላ ያላገኘውን ክብር ሽማግሌ አገኘ! ለሠፈሩ ሁሉ አወራሁ። አንዲት ጎረቤቴ፣ «ዘመድ የምታማክረው ቤት ለማከራየት ነው?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ «አንቺ ጨዋ ሰው አይተሽ ስለማታውቂ ነው» አልኳት።

በሳምንቱ ናቲንና ሐናን ይዘን ሄድን። ቤቱን የምትኖርበት እሷ ናት፤ ሳታየው ይዋዋሉ ማለት ልክ መስሎ አልታየኝም። ገና ከደጅ የዶሮ ወጥ ሽታ ተቀበለን፤ ወይዘሮ አስካለ እንደ አቶ ታዬ ጴንጤ ናት፣ ሁዳዴ አይገዳትም። ሳሎኑ ውስጥ ከአሰላ የመጡ አክስቶች ተደርድረዋል። ጥግ ላይ የወይዘሮ አስካለ ልጅ ሜሮን በአበሻ ቀሚስ ተቀምጣለች።

ኦቦ ገመቹ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አዴ፣ ለኪራይ ዶሮ ይታረዳል?» አሉኝ።

«ዝም ይበሉ፤ ያከበሩን እንደሆነስ?»

ናቲ እጅ ነሥቶ ገባ። ሜሮን ግን እሱን አላየችውም። በትከሻው ላይ አሻግራ በሩን ነበር የምታየው፤ ሌላ ሰው የሚገባ ይመስል። ከኋላው የገባችው ሐና ናት። ሐና ጉዳይ ይዛ ስትመጣ ወግ አታውቅም። ከቦርሳዋ ሜትር አወጣችና፣ «ጤና ይስጥልኝ፤ መኝታ ቤቱ የትኛው ነው? አልጋችን ይገባ እንደሆነ ልለካ» አለች።

አክስቶቹ ሜትሩን አዩ፣ ሐናን አዩ።

«ይቺ ማን ናት?» አለች ወይዘሮ አስካለ።

«እጮኛው ናት» አልኩ።

«የማን?»

«የልጁ! የናቲ! ይኸው የቆመው!»

«እጮኛ ካለው ልጄን ምን ሊያደርጋት ነው?»

«የትኛዋን ልጅ?»

ከአሰላ አክስቶች አንዷ ብድግ አለች። «ሁለት ሚስት! ሳይታጠብ ሁለት ሚስት!»

ናቲ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ ምን ብለሽ ነው ያመጣሽኝ?» ክንዱንም አንሥቶ የሸሚዙን ብብት ሲያሸት አየሁት። ሐና ሜትሩን እንደ ዘረጋች ቀርታለች። አቶ ታዬ ጸሎት ጀመሩ። ያዳኑን ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው፣ «ሰዎች፣ እኛ የመጣነው ለኪራይ ቤቱ ነው። ነጭ ለተቀባው ቤት» አሉ።

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ኪራይ እከፍለው ነበር። ግን ከሁላችንም ይልቅ የተጎዳችው ሜሮን ናት። ቀስ ብላ ተነሣች። «ኪያ አይደለም የላካችሁ?» አለች፤ መልሳችንንም ሳትጠብቅ ነጠላዋ ውስጥ ገብታ ታለቅስ ጀመር።

ነገሩ ተራ በተራ ወጣ። ሜሮን ኪያ የሚባል፣ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ትወዳለች። እናቷ ልጁን አይታው አታውቅም፤ ግን፣ «አንድ ክፍል ውስጥ የሚኖር ሰው ደጄን እንዳያንኳኳ፤ መጀመሪያ ቤት ይያዝ» ብላ አስነግራዋለች። ኪያ ሁለት ክፍል ሲፈልግ ከረመ፤ አቅሙ አልደርስ ሲለው ከሜሮን ጋር ተነታርከው ተኳረፉ። ባለፈው እሑድ ከሥራ ስትመለስ እናቷ «ሽማግሌ መጣ» ስትላት፣ የሌላ ሰው ይሆናል ብላ አልጠረጠረችም። ኪያ ጨክኖ ላከ ብላ በደስታ ጮኸች እንጂ። እናቷ፣ «አይታጠብም አሉ እኮ» ብትላት፣ «ውሸት ነው፣ ግሪሱ አልለቅ እያለው ነው» ብላ ተሟግታለታለች።

ይህን ስሰማ ሐፍረቴ ጥሎኝ ሄደ፤ በቦታው ንዴት ገባ። እርስዎ ማለቱም እዚያው ቀረ።

«ነይ ወዲህ አስካለ» አልኳት። «ለዚህ ልጅ ቤት ያዝ ያልሽው ማን እንዲያከራየው ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሌላ ሰው።»

«ሌላዋማ እንዳንቺ ናት። ርካሽ ነጭ ቀብታ፣ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ አምጡ፣ ልጅ አትውለዱ፣ አትታጠቡ እያለች ተቀምጣለች። አንቺ የሁሩታን ሰው ልጅ በር ላይ አቁመሽ፣ ሌላዋ ያንቺን ልጅ በር ላይ አቁማ፣ ሁላችሁም ሙሽራ ልታዩ ትፈልጋላችሁ። ግቢሽ ውስጥ ሁለት ክፍል ባዶውን ቆሞ ልጅሽ በቤት ዕጦት ታለቅሳለች! ይሄ ልክ ነው? ንገሪኝ፤ እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ አስረጂኝ።»

«ዱጋ ዳ» አሉ ኦቦ ገመቹ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው።

የአሰላዋ አክስት ሳትቀር፣ «ሴትዮዋ አልዋሸችም» አለች። ወይዘሮ አስካለም ልጇን፣ «ደውዪለት» አለቻት።

ኪያ በባጃጅ ከነፈ። ከነ ቱታው ደርሶ፣ ሳሎን ሙሉ ሰው ሲያይ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ሽማግሌ አለህ?» አሉት ኦቦ ገመቹ።

«ኧረ... የለኝም አባባ።»

«እንግዲህ አለህ» አሉና ወደ ወይዘሮ አስካለ ዞረው ቆሙ። እኛም አልተቀመጥንም ነበርና ቆመን የመጣንበትን ልመና ለሌላ ሰው ለመንንበት። በዚህኛው ዙር እኔ ስለ መታጠብ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ወይዘሮ አስካለ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ፈቀደች። ከዚያም በንግግሬ ልቧ ተነክቶ ኖሮ፣ «ያቺንም ሁለት ክፍል ወስጄ ለሰው አልሰጥም። እናንተ ግቡባት» አለቻቸው። እልልታው ቀለጠ። እኔም ከሁሉ አብልጬ እልል አልኩ።

እልልታዬን ሳልጨርስ ናቲን አየሁት። የልጄን ቤት በገዛ አፌ ለሰው ልጅ ሰጥቼለት ቆሜያለሁ! ፋሲካ ደርሷል፤ የሁሩታው ሰው ቁልፍ ይጠብቃሉ፤ እኔ እዚህ ለኪያ እልል እላለሁ። ክርክሬ ደግሞ ልክ ስለነበር ልመልሰው አልችልም። ሰው ልክ ሆኖ እንዲህ ሲቸገር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሐና ግን ሜትሯን ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተችና ኪያ ፊት ቆመች። «የምትለቃት ክፍል የት ናት?»

«ወደ ወንጂ መውጫ። ግን አንድ ክፍል ናት፤ ውሃውም ከግቢ ነው የሚቀዳው።»

«በር አላት?»

«አላት።»

«የራሷ? ከውስጥ የሚቆለፍ?»

«አዎ።»

«እማማ፣ ነጠላሽን አጣፊ፤ እንሂድ» አለችኝ። ዶሮው አመለጠን፤ ሽማግሎቹ እስከ ዛሬ ይቆጩበታል።

አከራዩ ጋሽ ወርቁ ግቢያቸው ውስጥ ፓፓያ ውሃ ሲያጠጡ አገኘናቸው። ኪያ ነገሩን ሲያስረዳቸው ቀና ብለው አዩንና፣ «ስንት ናቸው የሚገቡት?» አሉ።

ምርመራው ሊጀመር ነው አልኩ። ግን በቃኝ፤ ከእንግዲህ ለማንም አከራይ የልጄን ሰውነት አልክድም። ወደ ፊት ወጣሁ። «ሁለት ናቸው፤ እግዚአብሔር ሲፈቅድ ይጨምራሉ! ይታጠባሉ፣ ያጥባሉ፣ ይጋግራሉ፣ መብራት ያበራሉ። ልጅ ይወልዳሉ፣ ልጁም እንደ ልጅ ያለቅሳል። እንግዳ ይመጣባቸዋል፤ ከሁሉ በፊት የምመጣው እኔ ነኝ። የማይሆን ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ!»

ጋሽ ወርቁ ጆጉን አስቀመጡ። «እኔ የጠየቅሁት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስንት ቁልፍ ላስቀርጽ ብዬ ነው።»

ኪራዩንስ ስንላቸው፣ «ኪያ የሚከፍለውን ይክፈሉ። ክፍሏ አልሰፋች፣ እኔ ምን ብዬ እጨምራለሁ?» አሉ። በሕይወቴ የሰው እጅ ለመሳም ጎንበስ ያልኩት ለቄስና ለጋሽ ወርቁ ብቻ ነው።

የሁሩታው ሰው መጥተው ቁልፉን በገዛ እጃቸው አዙረው፣ ከውስጥ ቆልፈው፣ ከፍተው ወጡና፣ «ሠርጉ ይሁን» አሉ። ሆነም። አልጋው ከገባ በኋላ ክፍሏ ውስጥ የሚቆም እንግዳ ቦታ የለውም፤ አልጋው ላይ ተደርድረን እንጫወታለን። ናቲ ስሄድ ሁሌ፣ «እማማ፣ ጠባብ ናት አይደል?» ይለኛል። ጠባብ ናት። መጋረጃ ግን የላትም።

ወሬው ከተዛመተ ወዲህ ቤት ያጡ እጮኛሞች እኔን ሽማግሌ ያዙኝ፤ አርሲ ነገሌ ድረስ ወስደውኛል። ከስሕተቴ ስለ ተማርኩ በር ሳንኳኳ ገና ከደጅ፣ «ለቤት ነው የመጣነው! ለኪራይ ነው! ልጃገረድ ካለች አትልበስ!» ብዬ እጮኻለሁ። ባለፈው አንዲት ሴትዮ ከውስጥ ሆና፣ «ወይ እማማ፣ ምነው ለልጄ በሆነ!» አለችኝ።

«በሩን ክፈቺው ብቻ» አልኳት፤ «ሁለቱንም እንነጋገራለን።»